ካርቡሬተሩ ሲተልቅ መኪናው ይፈጥናል ወይ?

የአንባቢ ጥያቄ፣ የመካኒክ መልስ

የሰሞኑ ደብዳቤዎች ካርቡሬተር ካርቡሬተር ይላሉ፣ ያ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ዕቃ። አይገርምም። ሌላው አገር መኪናውን በኮምፒውተር ያክማል፣ እኛ ጋ ግን ዲኤክሱም ቮልሱም ፔጆውም አሁንም በካቻቢቴ ነው የሚታከመው። ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ገና አልወጣም፣ ሳይወጣ ልድረስበት።

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ሞተሯ 4ኬ። ሙሉ ሞተር አሠርቻለሁ። ፒስቶኑ 0.50 ኦቨርሳይዝ ነው፣ ካምሻፍቱን ቫልቭ ከፍ አድርጎ በሚከፍት ቀይሬዋለሁ፣ ጭስ ማውጫውንም አራት ለአንድ አሠርቻለሁ። የቀረኝ ካርቡሬተር ነው። አጎቴ ከውጭ እየመጣ ስለሆነ አንድ ነገር አምጣልኝ ልለው ነው። ሆሊ 390 ባለ አራት አፉን፣ ሁለት ዌበር 40 ዲሲኦኢ ወይስ ዌበር 32/36? ጓደኞቼ ሁሉም ትልቁን፣ ሆሊውን በል ብለውኛል። ከድሬዳዋ ሐረር በሚወስደው ደንገጎ ዳገት ላይ እንድትፈነጠር ነው የምፈልገው።
ዲኤክሱ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ጓደኞችህ ይወዱሃል፣ ምክራቸውን ግን ተወው።

መጀመሪያ ሞተርህ ምን ያህል አየር እንደሚስብ እናስላ። ከባድ ሂሳብ አይደለም፣ በስልክህ ይሠራል። 4ኬ 1290 ሲሲ ነው፣ ፒስቶኑ በግማሽ ሚሊ ስለሰፋ 1300 በለው። ባለ አራት ምት ሞተር የሆዱን ያህል አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው። እስከ 6000 ዙር ካስጮህከው በደቂቃ 3000 ጊዜ ሆዱን ሞላ ማለት ነው። 1.3 ሊትር ሲባዛ በ3000፣ 3900 ሊትር። አሜሪካኖች ካርቡሬተር የሚለኩት በደቂቃ በሚያሳልፈው ኪዩቢክ ፉት ነው፣ አንዱ ኪዩቢክ ፉት ደግሞ 28.3 ሊትር ነው፣ ስለዚህ 138 አካባቢ ይመጣል። ይሄም ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ከሞላ ነው። አይሞላም። የመንገድ ሞተር 85 ወይም 90 በመቶ ከሞላ ጎበዝ ነው። 120 ብለህ ያዘው።

አሁን ጓደኞችህ አምጣ ያሉህን እየው። 390። ከምትፈልገው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

«ታዲያ ቢተርፍ ምን አለበት?» ትለኝ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ካርቡሬተር ቤንዚን እየገፋ የሚያስገባ ፖምፓ አይደለም። ቤንዚኑን የሚጎትተው የአየሩ ፍጥነት ነው። ነፋስ ሜዳ ላይ ምንም አይልም፣ በሁለት ግንብ መካከል ባለች ቀጭን መንገድ ሲገባ ግን ያፏጫል፣ አይደል? ካርቡሬተር ውስጥም ቬንቹሪ የሚባል ጠባብ ጉሮሮ አለ። አየሩ እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ያኔ ቤንዚኑ ከገንዳው ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይበተናል። ጉሮሮውን ከመጠን በላይ ካሰፋኸው አየሩ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ቤንዚኑ ወይ አይወጣም ወይ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። በ6000 ዙር ላይ ምናልባት አይታወቅህም፤ ግን ከሳቢያን ከዚራ ስትሄድ ስንቴ 6000 ትደርሳለህ?

እኔም ሞኝ ነበርኩ፣ ልንገርህ። ያኔ ፊያት 124 ነበረችኝ። አንድ ሰው ከተፈታ ትልቅ ሞተር ላይ የወረደ ካርቡሬተር በርካሽ ሸጠልኝ፣ ቶርኖ ቤት ሄጄ ማያያዣ አስቆረጥኩለት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስር አደርኩ። ጠዋት ቆማ ስትጮህ አንበሳ ናት፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ከዚያ ደቻቱ ድልድይ ላይ ከቆምኩበት ልነሳ ነዳጅ ስረግጥ «ኡፍ» ብላ ተነፈሰች፣ ተንተፋተፈች፣ ቀጥ። እንደገና ረገጥኩ፣ እንደገና ኡፍ። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ በግራዬ አለፈኝ። ሾፌሩ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። በሳምንቱ አሮጌውን ካርቡሬተር መልሼ ገጠምኩት፣ የተለየ ነገር ሳላደርግ መኪናዋ በፊት ከነበረችው የፈጠነች መሰለኝ።

ሆሊ 390ን በተመለከተ እውነቱን ለመናገር የኋላ ሁለት አፎቹ በቫኩም ነው የሚከፈቱት፣ ማለት ሞተሩ አየር ሲያጥረው ብቻ። የአንተ ሞተር አያጥረውም። ስለዚህ ላይከፈት በር ገንዘብ ከፍለህ፣ ከባድ ብረት ተሸክመህ ልትዞር ነው። ሌላም ማወቅ ያለብህ ነገር አለ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መለኪያ አይደለም። ባለ አራት አፍ የሚለካው 38 ሚሊ ሜርኩሪ በሚያህል የግፊት ልዩነት ነው፣ ባለ ሁለት አፍ በ76። የሁለት አፍ 350 በአራቱ አፍ መለኪያ ሲቆጠር 247 ገደማ ነው የሚሆነው። ይህን ሳታውቅ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠህ ካወዳደርክ ትሸወዳለህ።

ሁለቱ 40 ዲሲኦኢስ? ወላሂ እነሱን ስታነሳ ልቤ ትንሽ ይደነግጣል። አጎንብሰው በጎን የሚገጠሙ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ ይደርሰዋል፣ ድምፃቸው ሌላ ነው። 40 የሚለው ቁጥር ደግሞ አያስፈራህ። እሱ የፋርፋላው፣ ማለትም ነዳጅ ስትረግጥ የሚከፈተው ሳህን ስፋት ነው። ጠባቡ ጉሮሮ ለብቻው ወጥቶ ይቀየራል። ለአንተ ሞተር 28 ወይም 30 ሚሊ ብታስገባበት ይሠራል። የቆዩ መካኒኮች ዋናውን ጂግለር፣ ማለት ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ የጉሮሮውን ስፋት በ4 አባዝተው ነው የሚጀምሩት፣ 30 ከሆነ 120፣ ከዚያ ወደላይ ወደታች እያሉ ይፈልጉታል። ግን የራሱ ማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያ ቱቦ) ያስፈልገዋል፣ የራሱ የነዳጅ ገመድ ያስፈልገዋል፣ ሁለቱም እኩል እንዲስቡ ማመጣጠን ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሁለቱ ሲሊንደር ሲጎትቱ ሁለቱ ይጎተታሉ። ያለ አየር ፊልትሮ አፉን ክፍት ትተህ በመለከቱ ብቻ ልነዳ ካልክ ደግሞ የድሬ አቧራ አዲሱን ፋሻህን፣ የፒስቶኑን ቀለበት ማለቴ ነው፣ ባጭር ጊዜ ይበላዋል። ለውድድር ቢሆን እሺ። አንተ ግን በየቀኑ የምትነዳት መኪና ናት።

ስለዚህ 32/36 አምጣ በለው።

ምክንያቱን ልንገርህ። ሁለት አፍ አለው፣ ግን እኩል አይከፈቱም። መጀመሪያ 32 ሚሊዋ ትከፈታለች፣ ውስጧ ያለው ጉሮሮ 26 ሚሊ ነው። ከተማ ውስጥ የምትነዳው በእሷ ብቻ ነው፣ አየሩ ጠባብ ቦታ ስለሚያልፍ ፈጣን ነው፣ መኪናዋ ስትነሳ አትተነፍስም። ከግማሽ በላይ ስትረግጠው 36ቷ ትከተላለች፣ የእሷ ጉሮሮ 27 ነው። ደንገጎ ላይ የምትፈልጋት እሷን ነው። 1300 ለሚሆን ሞተር ከበቂ በላይ ነው እንጂ አያንስም። 38 ዲጂኤኤስ የሚባል ወንድም አለው፣ እሱ ሁለቱን አፍ አንድ ላይ ነው የሚከፍተው፣ ለትልቅ ሞተር ይሁን። ሻጩ 38 አለኝ ካለ በትህትና አመስግነህ እለፍ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ፊደል አለ፣ አጎትህ እንዳይሳሳት። ዲጂቪ ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛው) በእጅ የሚሳብ ነው፣ ዲጂኢቪ በኤሌክትሪክ፣ ዲጂኤቪ በራዲያተር ውኃ ሙቀት። ለድሬ ጠዋት ቾክ ምን ያደርጋል ካልክ ልክ ነህ፣ ግን ሐረርና ዓለማያ የምታድር ከሆነ ያስፈልግሃል። የእጁን ውሰድ። የሚበላሽ ነገር ሲያንስ ጥሩ ነው።

ከካርቡሬተሩ ጋር አብሮ እንዲያመጣ ንገረው፦ ለኬ ሞተር የሚሆን ማያያዣ ሳህን፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከነመለዋወጫው፣ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ጂግለሮች። ጂግለሩን አትርሳ፣ አትርሳ፣ አትርሳ። እዚህ መጥተህ ብትፈልግ ማን ይሰጥሃል? ካርቡሬተሩ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሞተር ተመጥኖ ነው የሚመጣው፣ የአንተ 1300 ነው። ዌበር ጂግለር ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 140 ማለት 1.40 ሚሊ። ሆሊ ላይ ያለው ግን እንዲሁ ተራ ቁጥር ስለሆነ አታመሳስላቸው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ፣ የእኛ አገር ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1900 ገደማ። ሙቀቱን ተወውና በከፍታው ብቻ ብታየው፣ ድሬ ላይ አየሩ የባህር ዳርቻውን 89 በመቶ ያህል ነው የሚከብደው፣ ሐረር ላይ 83 በመቶ። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስልህም፣ ስለዚህ ሐረር ስትደርስ ሞተሩ ይወፍርበታል፣ ማለት ቤንዚኑ ይበዛበታል። ጅቡቲ ላይ በ140 ልክ የነበረ ሞተር ድሬ ላይ ወደ 135 ወይም 137 መውረድ ይፈልጋል። ከድሬ ሐረር ያለው ልዩነት ግን ከ3 እስከ 4 በመቶ ቤንዚን ነው፣ ያን ያህል አይደለም። እኔ ብሆን ዳገቱ መሀል ላይ ልክ እንዲሆን አድርጌ እተወዋለሁ፣ ድሬ ላይ ቤንዚን አንሶት ብዙ እንዳይከሳ፣ ሐረር ላይ ብዙ እንዳይወፍር። ጉልበቱ ግን ሐረር ላይ መቀነሱ አይቀርም። ያንን የትኛውም ካርቡሬተር አይመልስልህም፣ ማንም ቢምልልህ።

ልኩን የምታውቀው በካንዴላ ነው። አዲስ ካንዴላ አስገባ፣ ሞተሩን አሙቅ፣ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እስከ ጥግ ረግጠህ ውጣ፣ ከዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ዳር ይዘህ ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ቁም፣ ወዲያው አጥፋ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆሞ) እንዲሠራ አትተወው፣ ቀለሙ ይለወጥብሃል። ካንዴላውን ፍታ። ነጩ ሸክላ ላይ ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ቀለም ካየህ አቦ እንኳን ደስ አለህ። እንደ ከሰል ጥላሸት ከሆነ ወፍሯል፣ ጂግለሩን አንድ ቁጥር ቀንስ። ኖራ መስሎ ከነጣ ግን ከስቷል፣ ሳትቀይር እንዳትነዳ፣ ፒስቶን ነው የሚበሳው። ይህንን ሁሉ ስትሠራ በኋላህ የጫት መኪና እየመጣ እንዳይሆን፣ እነሱ ለማንም አያቆሙም።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልተውህ። አንደኛ፣ ኬ ሞተር ላይ ቤንዚን ማስገቢያውም ጭስ ማውጫውም ባንድ ጎን ናቸው፣ ካርቡሬተሩ ከጭስ ማውጫው በላይ ነው የሚቀመጠው። በድሬ ቀትር ምን እንደሚሆን አስበው። ከካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም መለያ አስገባ፣ በእሱና በጭስ ማውጫው መካከልም ቀጭን ላሜራ አሠራ። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ የቤንዚን ፖምፓ ግዛ የሚልህ ይመጣል። ዌበር ብዙ ግፊት አይወድም፣ ሩብ ባር አካባቢ ይበቃዋል። ከዚያ ሲበልጥ ቤንዚኑን የምትዘጋዋን መርፌ ገፍቶ ያጥለቀልቀዋል። የራሱ ፖምፓ ደህና ከሆነ አትንካው።

አስመሳዩም ብዙ ነው። ዋናዎቹ ድሮ ቦሎኛ ነበር የሚሠሩት፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ስፔን ነው። አጎትህ በእጁ ሲይዘው የፋርፋላውን ዘንግ ይዞ ወደጎን ይነቅንቀው። ከተወዛወዘ ሳጥኑ ምንም ያህል ቢያምር ይመልሰው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ በፔጆ 404 የምሠራ ሰው ነኝ። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ቤንዚንም ትጨርሳለች። ልጄ ዘመናዊ ትልቅ ካርቡሬተር እናስገባላት፣ ጉልበትም ታገኛለች ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?
የፔጆ ሾፌር፣ ከሐረር

መልስ፦ ጋሼ፣ ድሬ ላይ ቢሆን አንተ ተባብለን ጨርሰን ነበር። ሐረር ሆነው እርስዎ ካሉኝ ግን እኔም እርስዎ ልበል።

ልጁን ያቆዩት። 404 ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሲመረት ያ 1618 ሲሲ ሞተር በአንድ አፍ ሶሌክስ ነው ቤተሰብ ያሳደገው። የእርስዎ ችግር የመጠን አይደለም። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፣ የሚበዛበትን ቀዳዳ እንፈልግ።

የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ያሳዩት። ብርሃን ካላሳለፈ ግማሹ በሽታ እሱ ነው። ቀጥሎ ካርቡሬተሩን ይክፈቱ፣ ተንሳፋፊውን ጆሮዎ ጋ አድርገው ያንቀጥቅጡት። ውስጡ ቤንዚን ከገባ ይንቦጫረቃል፣ ከከበደ ደግሞ መርፌዋን አይዘጋም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ካርቡሬተሩን ያጠበልዎ መካኒክ ጂግለሩን በምን ነው የጠረገው? በሽቦ ከሆነ ተገኘ። ጂግለር ነሐስ ነው፣ ሽቦ ይፍቀዋል። 1.30 የነበረችው ቀዳዳ 1.35 ብትሆን በዓይን አትለይም፣ ግን 8 በመቶ ገደማ የበለጠ ቤንዚን ታሳልፋለች። በዓመት ሁለት ሦስቴ እየተጠረገች ስንት ዓመት እንደኖረች ያስቡት። ጂግለር የሚጠረገው በኮምፕሬሰር አየር ነው፣ ከጠነከረም በጥርስ ብሩሽ አንዲት ፀጉር። ሰፍቶ ከሆነ አዲስ ይግዙ፣ ከሙሉ ካርቡሬተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

የፋርፋላው ዘንግም ያረጃል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ዘንጉ የሚወጣበት ላይ ትንሽ የሳሙና ውኃ ይርጩ። ድምፁ ከተለወጠ አየር እየሰረቀ ነው። ቶርኖ ቤት ቡሽ ይሠሩለታል።

ጥያቄ፦ ሰላም። 1300 ቮልስ አለችኝ፣ አሮጌ ሞተር ላይ ወንድሜ ከመጀመሪያው ከፍ ያለ ካርቡሬተር ገጥሞልኝ ጥሩ ነበር የምትሄደው። ግን ቀን ላይ አሸዋ ገበያ አቁሜ ስመለስ አትነሳም። ማታ ደግሞ ምንም የላትም። ካርቡሬተሩ ተሳስቶ ነው?
ከከዚራ

መልስ፦ እህቴ፣ ካርቡሬተሩን ለቀቅ አድርጊው፣ ጥፋተኛው ቀትሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ይቆማል፣ የብረቱ ሙቀት ግን ወደላይ ይወጣል። ገንዳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላና በራሱ ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል። ስትመለሺ ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ነው የምታገኚው። አንቺ ደግሞ እየደጋገምሽ ስትረግጪ ትጨምሪለታለሽ። አትርገጪ። ነዳጁን አንዴ እስከ መጨረሻው ተጭነሽ ሳትለቂ ቁልፉን አዙሪ፣ አየር ብቻ እየገባ ይደርቅለታል፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይነሳል።

እንዲያ ስታደርጊ ካልሠራ በተቃራኒው ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ፖምፓው አየር እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የድሮ ሾፌሮች መላ አለ፣ ጨርቅ አርጥበሽ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጊና አንድ ሻይ ጠጪ። ለዘለቄታው ወንድምሽ ከካርቡሬተሩ ሥር ወፍራም መለያ ያስገባ፣ ጥላ ያለበት ማቆሚያም ፈልጊ፣ ከዚራ ላይ ዛፍ አላጣሽም።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ላይ ባትጽፊውም ልጠይቅሽ። ወንድምሽ ካርቡሬተሩን ሲቀይር ያችን ትንሽ የፕላስቲክ የቤንዚን ፊልትሮ ከኋላ ሞተሩ አጠገብ አንጠልጥሏት ይሆን? ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ለማየት ስለሚመች። ቮልስ ላይ ሙቀቱና ንዝረቱ ቱቦውን ያላላዋል፣ ቤንዚኑ ዲናሞውና ካንዴላው ላይ ይፈስሳል፣ ስንት ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ዛሬ ማታ ስትቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቺና እይ። ካለች ወደፊት፣ ታንከሩ ሥር ይውሰዳት፣ የደረቀውን ቱቦም አብሮ ይቀይረው፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሼታ ጠበቅ አድርጎ።